ቦምብ ሊሠራበት የተገነባው ምድጃ ስለ ማግኔት የነገረን

አዲስ አበባ ውስጥ ያደጋችሁ ይህን ጨዋታ አትረሱትም። መጀመሪያ የተበላሸ ሬዲዮ ይፈለጋል። ከስፒከሩ ጀርባ ያለችው ጥቁር ክብ ማግኔት በድንጋይ ተቀጥቅጣ ትላቀቃለች። ከዚያ በሲባጎ ትታሰርና ጎረቤት ለግንባታ ባስከመረው አሸዋ ላይ ወዲያ ወዲህ ትጎተታለች። ትንሽ ቆይቶ ማግኔቷ ጥቁር ጢም አብቅላ ትመጣለች። እኛም “ብረት አገኘን!” ብለን እንጨፍራለን፤ የአሸዋው ባለቤት ዱላ ይዘው እስኪወጡ ድረስ።

ያ ጢም ብረት እንዳልነበረ የገባኝ ግን አድጌ፣ በጋዜጠኝነት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። አብዛኛው ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ነው። ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲጣመር የሚገኝ ኦክሳይድ፣ የዝገት የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። የስፒከሯ ማግኔት ራሷም ብትሆን ጥሬ ብረት አይደለችም፤ እንደ ሸክላ ተተኩሳ የተሠራች የብረት ኦክሳይድ ናት።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። እነዚህ ነገሮች ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሰው እንዴት አወቀ? ማን ገብቶ አየ? መልሱን ስከተል ላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን ጦርነት ውስጥ ደረስኩ። “ፊዚክስን አሥረኛ ክፍል ላይ ተሰናብታ ሶሻል የገባች ልጅ ስለ ኒውትሮን ልትጽፍ ነው” ብላችሁ እንዳትስቁ። እኔ የምጽፈው ታሪኩን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገመድ ጉተታ

ከሥሩ እንጀምር። ማግኔት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አቶም ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። ይህ ጠባዩ በዋናነት ከኤሌክትሮኖቹ “ስፒን” የሚመጣ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ መሽከርከር ማለት ቢሆንም እንደ እንዝርት የሚዞር ነገር አለ ማለት ግን አይደለም። ኤሌክትሮን ይዞት የተፈጠረ፣ አቅጣጫ ያለው ባሕርይ ነው። ማግኔት የሆነ ብረት ውስጥ እነዚህ ጥቃቅን ማግኔቶች ተሰልፈው ወደ አንድ ወገን ይመለከታሉ፤ ጉልበታቸው ይደመራል።

አንዳንድ ኦክሳይዶች ግን ግራ ያጋቡ ነበር። ለምሳሌ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ እንደ ብረት በማግኔት አይሳብም። ሆኖም እጅግ ሲቀዘቅዝ፣ ከዜሮ በታች ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ፣ ማግኔታዊ ጠባዩ በድንገት ይለወጣል። አንድ ነገር ውስጡ ተደራጅቷል ማለት ነው። ግን ምን?

በ1930ዎቹ ሉዊ ኔል የተባለ ፈረንሳዊ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ጎረቤታሞቹ አቶሞች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እየተመለከቱ ቢሆንስ? አንዱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች፣ ቀጣዩ ወደ ላይ። ገመድ ጉተታ አስቡ። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ቡድኖች ሲጓተቱ ገመዱ ንቅንቅ አይልም። ከሩቅ ላየው ሰው ምንም የተሠራ ነገር የለም፤ ገመዱን የያዙት ሰዎች ግን ክንዳቸው ሊገነጠል ነው። የኔል ሐሳብ ይኸው ነበር፤ በኋላ አንቲፌሮማግኔቲዝም ተባለ።

ችግሩ ማረጋገጫ መጥፋቱ ነው። ከውጭ ማግኔት ብታስጠጉ ድምሩ ዜሮ ስለሆነ የሚታይ ነገር የለም። ራጅ ብትልኩ አቶሞቹ የት እንዳሉ ይነግራችኋል እንጂ ስፒናቸው ወዴት እንደዞረ አይነግራችሁም ማለት ይቻላል። ሐሳቡ ከአሥር ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ቆየ።

ገለልተኛው መልእክተኛ

በ1932 ጄምስ ቻድዊክ ካምብሪጅ ውስጥ ኒውትሮንን አገኘ። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም። ስለዚህ የኤሌክትሮኖች ደመና አያስቆመውም፤ ብዙ ቁሶች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ነገር ግን እሱም ስፒን አለው፤ ራሱ ትንሽ ኮምፓስ ነው። በ1936 ፌሊክስ ብሎኽ ኒውትሮን ማግኔት ውስጥ ሲያልፍ በአቶሞቹ ማግኔታዊ ጉልበት አቅጣጫውን እንደሚስት ጻፈ። በዚያው ዓመት በተደረጉ ሙከራዎችም ኒውትሮን እንደ ሞገድ ከክሪስታል ላይ እንደሚበተን ታየ።

የጠፋው ብዛት ነበር። በጊዜው ኒውትሮን የሚገኘው ራዲየምን ከቤሪሊየም ጋር ቀላቅሎ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ጨረር እጅግ ደካማ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ ክብሪት መጽሐፍ ለማንበብ እንደመሞከር ነው።

መብራቱ በራ። የበራው ግን ለማንበብ አልነበረም።

ኦክ ሪጅ

የዩራኒየም አቶም እንደሚሰነጠቅ የታወቀው በ1938 መጨረሻ ሲሆን በማግሥቱ ዓመት ጦርነት ተጀመረ። አሜሪካ የማንሃተን ፕሮጀክትን ጀመረች። ቴነሲ ውስጥ ኦክ ሪጅ በሚባል ሥፍራ በምስጢር ከተማ ተቆረቆረ። እዚያም የግራፋይት ሬአክተሩ ኖቬምበር 4 ቀን 1943 ሥራ ጀመረ። ትልቅ የግራፋይት ክምር ነው፤ ከፊት ለፊቱ ዩራኒየም የሚገፋባቸው 1,248 ቀዳዳዎች ነበሩት። ሥራው ፕሉቶኒየም እንዴት በብዛት እንደሚመረት ማሳየት ነው፤ በሌላ አነጋገር በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ ላይ ለተገነቡት ግዙፍ ሬአክተሮች መለማመጃ ነበር። ከሃንፎርድ የወጣው ፕሉቶኒየም ኦገስት 9 ቀን 1945 ናጋሳኪ ላይ ወደቀ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ።

በዚህ መሀል ኧርነስት ዎላን የተባለ ሰው ነበር። ራጅ እንዴት ከቁስ ላይ እንደሚበተን ያጠና የቺካጎ ምሩቅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሥራው የጨረር ደህንነት ሲሆን፣ ሠራተኞች ስንት ጨረር እንዳገኛቸው የሚለካውን ደረት ላይ የሚንጠለጠል ፊልም በመሥራት ይታወቃል። በ1944 ለኃላፊዎቹ ጥያቄ አቀረበ፤ “ከዚህ ሬአክተር ግድግዳ በሚወጣው የኒውትሮን ጨረር ክሪስታል ልመርምርበት?” የሚል ዓይነት። ተፈቀደለት። ከቺካጎ ለራጅ ይጠቀምበት የነበረውን መሣሪያ አስመጥቶ ለኒውትሮን አስተካከለው። ሰው ሁሉ ስለ ቦምቡ ሲጣደፍ እሱ ጥግ ይዞ ኒውትሮን ይቆጥር ነበር።

ሰኔን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ በ1946 በዚያው ወር ክሊፎርድ ሸል የተባለ ወጣት መጣ። የጦርነቱን ጊዜ በነዳጅ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ያሳለፈ የፊዚክስ ሰው ነው። ሁለቱ ተጣመሩ። ጨው፣ አልማዝ፣ በረዶ ያገኙትን ሁሉ ጨረሩ ፊት አቆሙት። በ1949 ደግሞ ሸል ሳሙኤል ስማርት ከተባለ ባልደረባ ጋር ያንን ግትር ማንጋኒዝ ኦክሳይድ አቀረበ።

በክፍል ሙቀት ሲለካ የታወቁት ምልክቶች ብቻ ወጡ። ከዜሮ በታች 193 ዲግሪ አካባቢ ሲቀዘቅዝ ግን ቀድሞ ያልነበሩ አዳዲስ ምልክቶች ብቅ አሉ። ቦታቸው ሲሰላ የማግኔቱ ንድፍ የሚደጋገምበት ርቀት አቶሞቹ ራሳቸው ከሚደጋገሙበት ርቀት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች ከሆነ ደግሞ ንድፉ የሚደገመው በየሁለቱ ነው! የኔል ገመድ ጉተታ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ታየ።

ኔል በ1948 ሌላም ነገር ብሎ ነበር። ማግኔታይት ውስጥም ሁለት ቡድኖች ይጓተታሉ፤ እኩል ስላልሆኑ ግን አንደኛው ያሸንፋል። በ1951 እነሸል ይህንንም በኒውትሮን አረጋገጡ። የልጅነታችን ጥቁር ጢም ማግኔቷ ላይ የሚለጠፈው ለካስ ገመዱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ

እስካሁን የታወቀው “የት ናቸው? ወዴት ዞረዋል?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነው። “ምን ያደርጋሉ?” የሚለው ቀርቷል። ይህን የጠየቀው በርትራም ብሮክሃውስ የተባለ ካናዳዊ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ በካናዳ ባሕር ኃይል አገለገለ፤ ከዚያ ፊዚክስ ተማረ። በ1950 ቾክ ሪቨር ገባ። የዚያ ቦታ ሬአክተርም እንደ ኦክ ሪጁ የጦርነቱ ዘመን ሥራ ውጤት ሲሆን ሥራ የጀመረው በ1947 ነው። በዲሴምበር 1952 ከባድ አደጋ ደረሰበትና ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋ። (ጽዳቱን ከሠሩት መካከል በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ወጣቱ የባሕር ኃይል መኮንን ጂሚ ካርተር ይገኝበታል።) ብሮክሃውስ በመሀል አሜሪካ ብሩክሄቨን ሄዶ እየሠራ ቆየ፤ ተመልሶም ሐሳቡን ቀጠለ።

ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ኒውትሮን አንድ ነገር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ፍጥነቱ ከቀነሰ የጎደለው ጉልበት ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ከጨመረም ከውስጥ ወስዷል። ስለዚህ ሲገባና ሲወጣ መዝኑት። አንድ ክሪስታል አንድ ዓይነት ፍጥነት ያላቸውን ኒውትሮኖች ብቻ መርጦ ይልካል፤ ሌላ ክሪስታል የወጡትን ይለካል። በመሀል የሚጠናው ነገር ይቀመጣል። ሦስቱም በየምሶሶአቸው ስለሚዞሩ መሣሪያው ባለ ሦስት ምሶሶ ተባለ።

ብሎኽ በ1930 ማግኔት ውስጥ ሞገድ መኖር እንዳለበት ተናግሮ ነበር። ስታዲየም ውስጥ ተመልካቹ በየተራ ተነስቶ ሲቀመጥ የሚሠራውን ማዕበል አስቡ፤ ማንም ከወንበሩ አይሄድም፣ ማዕበሉ ግን ሜዳውን ይዞራል። አንድ ስፒን ሲነቃነቅም ጎረቤቱን ይነቀንቃል፣ ጎረቤቱም ጎረቤቱን። በ1957 ብሮክሃውስ ይህንን የስፒን ሞገድ በኒውትሮን ለካ። የለካው በምን ላይ ይመስላችኋል? በማግኔታይት! ያቺው ጥቁር አሸዋ።

እስከ አስኳሉ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ በቂ ነበር። ግን ሰው አይጠግብም።

ከኤሌክትሮኖቹ መሀል የአቶሙ አስኳል አለ። ብዙ አስኳሎች የራሳቸው ስፒን አላቸው። ማግኔት ውስጥ ያለ አስኳል በዙሪያው ካሉት ኤሌክትሮኖች የሚመጣ ኃይለኛ የማግኔት መስክ ያርፍበታል። ሆስፒታል ያለው ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ ብረት ኦክሳይዶች ውስጥ የብረቱ አስኳል የሚሰማው ግን 50 ቴስላ አካባቢ ነው። አስኳሉ በዚያ መስክ ውስጥ አቅጣጫውን አንድ ደረጃ ለመለወጥ ትንሽ ጉልበት ይፈልጋል። ኒውትሮን ደግሞ አስኳሉን ሲነካ የራሱን ስፒን ገልብጦ የአስኳሉንም ማዞር ይችላል። የጉልበቱን ልዩነት ይዞ ይወጣል።

ታዲያ ምን ቀረ? ልዩነቱ ኢምንት መሆኑ ነው። የብሮክሃውስ ሞገዶች በሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይለካሉ፤ የአስኳሉ ግን በማይክሮ፣ ሺህ ጊዜ ያነሰ። በቁጥር እንየው። ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት ኒውትሮኖች አንዱ በሰከንድ 630 ሜትር ያህል ይጓዛል እንበል። አንድ ማይክሮ ኤሌክትሮን ቮልት ሰጥቶ ሲወጣ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በሰከንድ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። መኪና በፍጥነት መንገዱ ሲከንፍ ሾፌሩ እግሩን ለቅጽበት ላላ ማድረጉን ከሩቅ እንደማወቅ ነው።

መፍትሔው የመጣው በ1960ዎቹ ሙኒክ አካባቢ ከሃይንዝ ማየር-ላይብኒትዝና ከተማሪዎቹ ነው። ክሪስታል ኒውትሮንን በማዕዘን ሲመልስ የሚመርጠው ፍጥነት ትንሽ ይዘባረቃል፤ ወደመጣበት ቀጥ አድርጎ ሲመልስ ግን ምርጫው እጅግ የጠራ ይሆናል። ስለዚህ ጨረሩን ወደ ኋላ መመለስ! ፍጥነቱን በጥቂቱ ለመቀየር ደግሞ ክሪስታሉን ራሱን ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ፤ አምቡላንስ ሲቀርብና ሲርቅ የጡሩምባው ድምጽ እንደሚለዋወጠው ነው። ከማየር-ላይብኒትዝ ሰዎች አንዱ ሃይደማን በ1970 በዚህ ዘዴ የአስኳልን የስፒን ደረጃዎች በኒውትሮን መለካት እንደሚቻል አሳየ።

ሥራው ትልቅ ቤት ያገኘው ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በ1967 ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን የጋራ የኒውትሮን ተቋም ለመመሥረት ተፈራረሙ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ማየር-ላይብኒትዝ ሲሆን፣ ከተማዋ እንድትመረጥ ከጣሩት አንዱ የገመድ ጉተታው ሰው ሉዊ ኔል ነው። ስሙን የሰጡት ለጀርመናዊው ማክስ ፎን ላውና ናዚዎች በ1940 ላሰሩት ፈረንሳዊ ለፖል ላንዥቨን ነው። ሬአክተሩ በ1971 ሥራ ጀመረ። ጦርነቱ ካበቃ 22 ዓመት ብቻ የሆናቸው ሁለት አገሮች፣ ከመጀመሪያው ለምርምር ብቻ ብለው ያቆሙት ምድጃ ነው።

በዚያ ከተለኩት መካከል ኒዮዲሚየም ያለባቸው ኦክሳይዶች ይገኙበታል። ኒዮዲሚየምን ታውቁታላችሁ፤ ጆሯችሁ ውስጥ የሰካችሁት ኢርፎን ማግኔት ውስጥ አለ። ለምን እሱ ተመረጠ? ብዙው የብረት አስኳል ስፒን የለውም። ከኒዮዲሚየም አስኳሎች ግን ከአምስቱ አንዱ ያህል አለው። የሚወጣው ሥዕል ደስ ይላል፤ በመሀል አንድ ረጅም ጫፍ፣ በግራና በቀኝ እኩል ርቀት ላይ ሁለት ትናንሽ ጫፎች። አንዱ ኒውትሮኑ ጉልበት የሰጠበት፣ ሌላው የወሰደበት ነው። ጫፎቹ ከመሀሉ በራቁ ቁጥር የኒዮዲሚየሙ ኤሌክትሮኖች ማግኔትነት ይበረታል። ማለትም አስኳሉ ስለ ጎረቤቶቹ ይመሰክራል። ከውስጥ ያለ፣ ከሁሉ የሚያንስ ምስክር።

“ማን?” የሚለው ጥያቄ

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚያስጨብጡን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚሉትን ነው። በ1994 የፊዚክስ ኖቤል ለሸልና ለብሮክሃውስ ሲሰጥ የሽልማቱ ማብራሪያ ከዚህ የተቀዳ ይመስላል፤ ሸል አቶሞች “የት” እንዳሉ፣ ብሮክሃውስ “ምን” እንደሚያደርጉ ለማወቅ ረዱን ይላል። ሸል 79፣ ብሮክሃውስ 76 ዓመታቸው ነበር። ከማንጋኒዝ ኦክሳይዱ 45 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

“ማን?” የሚለው ግን ጎደለ። ከግድግዳው በሚወጣው ጨረር ለመሥራት ፈቃድ የጠየቀው ዎላን በ1984 ሞቷል፤ ኖቤል ደግሞ ለሙታን አይሰጥም። ሸል ራሱ ዎላን ባለመኖሩ ክብሩን ሊካፈለው አለመቻሉ እንደሚያሳዝነው ጽፏል። ፊት ለፊት የሚታየው ስም ሲወሳ፣ በሩን የከፈተው ሰው ስም በግርጌ ማስታወሻ ይቀራል። እኛ ዜና የምንጽፍ ሰዎችም ይህን በየቀኑ እናደርገዋለን፤ ሪባን የቆረጠውን እንጂ መሠረቱን የቆፈረውን አንጠይቅም።

ሌላም “ማን” አለ፤ ናጋሳኪ። ይህን ታሪክ የሚተርኩ አንዳንድ ሰዎች “ከክፉ ነገር ደግ ወጣ” ብለው ሲዘጉት አይቻለሁ። እኔ አልስማማም። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ የናጋሳኪን ደም አያጥብም፤ የናጋሳኪ ደምም የዎላንን ጥያቄ ውሸት አያደርገውም። ሁለቱም በአንድ ምድጃ ዙሪያ ሆነዋል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ነው ያለብን። የግሬኖብሉ ምድጃ የሚያሳየው ደግሞ ለማወቅ ሲባል መጀመሪያ ቦምብ መሥራት ግዴታ እንዳልነበረ ነው።

“ታዲያ ምን ይጠቅማል?” ለምትሉ ደግሞ ኔል ራሱ ይመልስላችሁ። በ1970 ኖቤል ሲቀበል እነዚህ ተቃራኒ የሚጓተቱ ማግኔቶች ለቲዎሪ ደስ የሚሉ ቢሆኑም ጥቅም ላይ የሚውሉ እንደማይመስሉት ተናግሮ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ማንበቢያዎች ውስጥ የአንቲፌሮማግኔት ስስ ንጣፍ ገባ። ፎቶዎቻችሁን ሲያነብላችሁ የኖረው እሱ ነው። ባለቤቱ እንኳ የማያውቀው ጥቅም አለ።

የኦክ ሪጁ ሬአክተር ልክ በሃያ ዓመቱ ኖቬምበር 4 ቀን 1963 ተዘጋ፤ ዛሬ ታሪካዊ ቅርስ ነው። ብሮክሃውስ የሠራበት ቾክ ሪቨርም የመጨረሻውን ትልቅ ሬአክተሩን በ2018 ዘጋ። የግሬኖብሉ ግን አሁንም ይሠራል።

እኔም ባለፈው ሰሞን ሠፈሬ ስሄድ አንድ ሕፃን በሲባጎ የታሰረ ማግኔት አሸዋ ላይ ሲጎትት አየሁ። “ምን አገኘህ?” አልኩት። “ብረት!” አለኝ። ላርመው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ይጎትት። ጥያቄው ሲመጣ ራሱ ይመጣል፤ የኔ ድርሻ የአሸዋው ባለቤት ዱላ ይዘው እንዳይወጡ በሩን መጠበቅ ብቻ ነው።